ከደራ ሽቅብ

ወደ አሰላ የሚሄድ ሰው ካጋጠመኝ አፌን መያዝ አልችልም። ለምን እንደሚሄድ፣ የት እንደሚያድር፣ መቼ እንደሚመለስ ሳልጠይቅ «የት ልትበላ ነው?» እላለሁ። አብዛኛው ሰው ግራ ይገባዋል። «አዳማ ቁርሴን በልቼ ነዋ የምነሳው፤ ከዚያ ወዲያማ ምን አለ?» ይለኛል። ምን አለ! እንዲህ ስባል አንጀቴ ይላወሳል። ከአዳማ እስከ አሰላ 75 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ የዛሬው ሚኒባስ ወሬ ሳይሟሟቅ ያደርሳል። በእኛ ልጅነት ግን ያንኑ መንገድ እየበላን ነበር የምንወጣው። ከቆላው ተነስተን ደጋው እስክንደርስ በየማቆሚያው ሌላ ሽታና ሌላ ጣዕም ይቀበለን ነበር።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። ከበቆጂና ከሳጉሬ ገብስ፣ ከኢተያ ስንዴ እየሰበሰበ ናዝሬት ያራግፋል። አዳማ ያኔ ናዝሬት ነበረች፤ እስካሁንም አፌ ላይ ናዝሬት ትቀድማለች። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብሬው እንድሄድ ይፈቀድልኛል። የምንሳፈረው በኤንትሬ ነው፤ ጣሊያን ሠራሹ ፊያት፣ ድምፁ ከሩቅ የሚለይ፣ ዳገት ላይ የሚያቃስት። ሹፌሩና አባቴ መካከል፣ የሞተሩ ትኩሳት እግሬን እየለበለበው እቀመጣለሁ። የናፍጣው ሽታ፣ የጆንያው አቧራ፣ ሹፌሩ በጥርሱ ይዞት የሚውለው ቅርንፉድ፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ከሸተቱኝ ዛሬም ይርበኛል።

አዋሽን መልካሳ ላይ ተሻግረን ደራ ስንገባ ሙቀቱ ነው የሚቀበለን። ኤንትሬው ዳገቱን ከመጀመሩ በፊት ራዲያተሩ ውሃ መጠጣት ስላለበት የግድ ይቆማል። ራዲያተሩ ሲጠጣ እኛ እንበላለን። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ከሆነ መንገዱ ዳር ሴቶች ከሰል አቀጣጥለው የበቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። ፍሬው እየተንጣጣ ሲቀላ የሚወጣው ሽታ ከመኪናው ሳንወርድ ይደርሰናል። አባቴ አንድ ለራሱ፣ አንድ ለሹፌሩ፣ አንድ ለእኔ ይገዛል። ሻጯ የእኔን እጄን እንዳያቃጥለኝ በራሱ ቅጠል ጠቅልላ ትሰጠኛለች፤ አንድ ትንሽዬ እሸትም ትደርብልኛለች። አባቴ ተጨማሪ ሳንቲም ሲያወጣ «ኧረ ተወኝ ጋሼ፣ የልጅ አይቆጠርም» ትለዋለች። ዛሬ አንዳንድ ምግብ ቤት ገብቼ የልጆች ምግብ ለብቻው ዋጋ ተጽፎለት ሳይ ያቺ ሴት ትዝ ትለኛለች።

ከደራ ወዲያ አየሩ ይለወጣል። ሹፌሩ መስኮቱን ወደ ላይ ሲጠመዝዝ ኢተያ እንደቀረብን አውቃለሁ። በታኅሣሥ ከሆነ የምንጓዘው ግራ ቀኙ ስንዴ ነው፤ ገሚሱ ታጭዶ ተከምሯል፣ ገሚሱ አውድማ ላይ በበሬ ይወቃል፣ ገለባው በነፋስ ይበናል። ኢተያ ላይ የምንቆመው ለዳቦ ነበር። ዳቦ ቤቱ አነስተኛ፣ ግድግዳው በጭስ የጠቆረ፣ ምድጃው በእንጨት የሚነድ ነው። ፉርኖው ሲወጣ እንፋሎቱ የጋጋሪውን ፊት ይሸፍነዋል። ቢላ የሚባል ነገር የለም፤ በእጅ ገመስ አድርጎ ከሻይ ጋር ነው። ሻዩ ቀረፋና ቅርንፉድ ተጨምሮበት፣ ስኳሩ ከብርጭቆው ሥር ዘቅጦ፣ አፍ እያቃጠለ ይጠጣል።

አባቴ ዳቦውን ከመቅመሱ በፊት አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ያሸተው ነበር። ከዚያ «ይሄ የጎንዴ ስንዴ ነው» ወይም «ይሄ ከታች የመጣ ነው፤ ፀሐይ በዝቶበታል» ይላል። ጋጋሪው ይስቃል፤ ልክ ነህም አልልህም፣ ተሳስተሃልም አልልህም የሚል ሳቅ። እኔ ግን አምነው ነበር። አሁንም ትኩስ ዳቦ ሳገኝ መጀመሪያ አሸተዋለሁ። የምን አገር ስንዴ እንደሆነ አይነግረኝም፤ አባቴን ግን አጠገቤ ያመጣልኛል።

አሰላ ሊገባ ጥቂት ሲቀር ቁሉምሳ አለ። አባቴ እዚያ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፣ ቤተ ክርስቲያን ያለፈ ይመስል። የእርሱን ንግድ የቀየረው እዚያ የተጀመረው ሥራ ነዋ። በ1960 ዓ.ም. ገደማ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት ሲቋቋም ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የተዳቀሉ ላሞች ወደ ገበሬው ደጅ መጡ። ሰዉ ድርጅቱን በእንግሊዝኛ ምኅጻሩ «ካዱ» ይለው ነበር። ለእኔ ለልጁ ካዱ ማለት ወተት ነው። አሰላ ያለችው አክስቴ ግቢ አንዲት ጥቁርና ነጭ የፈረንጅ ዲቃላ ላም ነበረች። ጠዋት ስትታለብ የጣሳው ድምፅ መጀመሪያ ቀጠን ይላል፣ ሲሞላ እየወፈረ ይሄዳል። አክስቴ አረፋውን በትንሽ ኩባያ ቀንሳ ለእኔ ታስቀርልኛለች። ጉንጬ ድረስ አረፋ ለብሼ በሩ ላይ ስቆም ጭላሎ ከፊት ለፊቴ ነው፤ ከ4000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ፣ ጠዋት ጠዋት ጭጋጉን ከላዩ ለማውረድ የማይቸኩል።

የመጀመሪያዬን ፓስታ የበላሁትም አሰላ ነው። አባቴ ጭነቱ በጥሩ ዋጋ የተሸጠለት ቀን ነበር። ቡና ቤቱ ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ ዘይት ቀለም የተቀባ፣ ማሽኑ እንፋሎት ሲለቅ ሁሉም ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራበት ቤት ነው። ስፓጌቲ በስጎ መጣ። ስጎው ቀይ፣ ከላዩ ዘይቱ የሚያብረቀርቅ፣ ሽንኩርቱ የእናቴን ወጥ ያህል ባይበስልም ጣፋጭ። አጠገቡ ሚጥሚጣ። ሹካውን ያዝኩት፤ ፓስታው ግን አልያዝ አለ። አባቴ በኩራት ዝም ብሎ ያየኛል፤ እርሱም በሹካ እንደማይሆንለት ኋላ ነው የገባኝ። አስተናጋጇ መጥታ ምንም ሳትናገር ቢላ አንስታ ስፓጌቲውን በሁለት በሦስት አቅጣጫ ቆራረጠችው፤ ማንኪያ ሰጠችኝና ሄደች። በኋላም ብዙ ዓይነት ፓስታ በልቻለሁ። ያን ያህል የጣመኝ የለም።

አያቴ ደግሞ ፓስታ የሚባል ነገር ቤቱ አይገባም ነበር። በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ያየውን አይቷል፤ «የጠላት እህል» ነው የሚለው። ማኪያቶ ግን ይጠጣል። «እሱስ ከማን መጣ?» ሲሉት «ወተቱ የእኛ፣ ቡናው የእኛ፤ ጣሊያን ምን አለበት?» ይላል። ይህን ብሎ ሲያበቃ ጢሙ ላይ የቀረውን አረፋ በነጠላው ጫፍ ይጠርጋል፤ ክርክሩም እዚያው ያልቃል።

ከአሰላ ወደ ምዕራብ ወጣ ብላችሁ አመሻሽ ላይ ከቆማችሁ ታች፣ በስምጥ ሸለቆው ወለል ላይ ዝዋይ ሐይቅ ያብለጨልጫል። ባሕር የለንም ለሚል ሰው ይሄ ምን ጎደለው? ደሴቶች አሉት፣ ከነዚህም ቱሉ ጉዶ ላይ ደብረ ጽዮን ገዳም አለ፤ ታንኳ የሚቀዝፉና ዓሣ የሚያጠምዱ የዛይ ሰዎችም አሉበት። በዚያ በኩል ከኦጎልቾ መንገድ ዓሣ ወደ አሰላ ይወጣ ነበር። ቆሮሶ እና አምባዛ። አክስቴ ቆሮሶውን ጎኑን በቢላ ሰንጥቃ፣ ዱቄት ነስንሳ፣ ዘይት ውስጥ ስትለቀው የሚንጫጫው ድምፅ ጎረቤት ይጠራል። «ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም?» የሚለው ክርክር የሚነሳው ሁልጊዜም ዓሣው ተበልቶ ካለቀ በኋላ ነው። ለእኔ አክስቴ እሾሁን በጣቷ ለቅማ፣ ሥጋውን ከእንጀራ ጋር አድርጋ ታጎርሰኛለች። «ዝም ብለህ ዋጥ፣ እኔ አይቼዋለሁ» ትላለች። አድጌም ቢሆን ዓሣ ስበላ «እኔ አይቼዋለሁ» የሚለኝ ሰው ይናፍቀኛል።

አሰላ ላይ የጎረቤት ነገር ካነሳሁ ረመዳንን መዝለል አልችልም። ከአክስቴ አጥር ማዶ ያሉት ሙስሊሞች ነበሩ። ፀሐይ ስትጠልቅ የአጥሩ ቀዳዳ ይንኳኳል፤ ትንሿ ልጃቸው በሳህን ሳምቡሳ ይዛ ቆማለች፣ ከላዩ በወረቀት የተሸፈነ፣ ወረቀቱ ላይ ዘይቱ ክብ ክብ የሠራበት። ሳህኑ ባዶውን አይመለስም። አንድ ቀን የአክስቴ ሕብስት፣ አንድ ቀን እንቁላል፣ ሌላ ነገር ከጠፋ ቆሎ ተደርጎበት ይመለሳል። ገናና ፋሲካ ሲመጣ ደግሞ ሥጋው ስለማይበላላቸው አክስቴ አስቀድማ ዳቦና ማር ትልክላቸዋለች። እኔና ያቺ ልጅ የሳህን መልእክተኞች ሆነን ነው ያደግነው።

ከአሰላ ወዲያ ወደ ሳጉሬና በቆጂ የሚወስደው መንገድ ያኔ ጠጠር ነበር። ክረምት ላይማ ጭቃ ነው ማለት ይቀላል። ሳጉሬ ላይ ልጆች በሳፋ ቅቅል ድንች ይዘው መኪናውን ይከቡታል፤ ድንቹ ልጣጩ ተሰንጥቆ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ይታያል። ጨውና በርበሬው በወረቀት ለብቻው ይሰጣል። ብርዱ ስለሚያንቀጠቅጥ ድንቹን ከመብላቴ በፊት በሁለት እጄ ይዤ እሞቀዋለሁ።

አንድ ነሐሴ፣ ከበቆጂ ስንመለስ፣ ኤንትሬው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ጎማው ዞረ፣ ጭቃው ተረጨ፣ ረዳቱ ድንጋይ ተሸክሞ ሲመላለስ መሸ። ከመንገዱ ወዲህ ካለው ቤት አንዲት እናት ብቅ አሉና በኦሮምኛ «ኮታ፣ ኮታ!» እያሉ ጠሩን። ማን እንደሆንን አልጠየቁም። አባቴ «አዴ፣ እናስቸግርዎታለን» ሲል እጃቸውን ብቻ ወዘወዙ። ቤቱ ውስጥ እሳት ይነዳል፣ ጥጆች በአንድ ጥግ ያመነዥካሉ፣ ጭሱ ዓይን ያስለቅሳል። መጀመሪያ ኢቲቱ ቀረበልን፤ በጭስ በታጠነ ጮጮ ውስጥ ቀናት የቆየ የረጋ ወተት፣ ወፍራም፣ ኮምጠጥ ያለ፣ የእንጨቱ ጢስ ጣዕም ውስጡ የቀረ። ቀጥሎ ቡና ቀላ መጣ፤ ቡናው ከነገለባው በቅቤ ተጠብሶ፣ ሽታው ቤቱን ሞልቶት። እኔ ቡና ይጠጣል እንጂ ይታኘካል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የቤቱ አባወራ ከመብላታችን በፊት መረቁን፤ ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን።

ሲነጋ መንደሩ ወጥቶ መኪናውን ገፋልን። ልንሄድ ስንል እኚያ እናት ክዳን ባለው ትንሽ ዕቃ ጭኮ ሰጡኝ። ጭኮ የማታውቁ ካላችሁ እንዲህ ነው፦ ገብሱ ተፈትጎ ይቆላል፣ በደቃቁ ይፈጫል፣ ከዚያ በኮረሪማና በቅመም ከተነጠረ ቅቤ ጋር እየታሸ ይዋሀዳል። ውሃ ስላልገባበት ሳይበላሽ ብዙ ይቆያል፤ መንገደኛም፣ እረኛም፣ አራስም ይበላዋል። በጣቴ እየቆነጠርኩ፣ በእያንዳንዱ ጉርሻ ዳርቻውን እየለካሁ፣ አሰላ ድረስ አቆየሁት። አባቴ «ዕቃውን እንመልሳለን» አለ፤ በሚቀጥለው ጉዞም ስኳርና ሳሙና ሞልቶ መለሰው። ከዚያ በኋላ እዚያ ቤት ሳንቆም አልፈን አናውቅም።

1984 ዓ.ም. ላይ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና በ10000 ሜትር ወርቁን ስታመጣ እኔ ጎረምሳ ነበርኩ። የበቆጂ ልጅ መሆኗን የሰማ ሁሉ «ምን እየበሉ ነው እነዚህ?» ይለን ጀመር። ከዚያ ፋጡማ ሮባ በአትላንታ ማራቶን፣ ከዚያ ቀነኒሳ፣ ከዚያ ጥሩነሽ እየተከታተሉ ሲመጡ ጥያቄው ጭራሽ በረታ። ከአሰላ አቅራቢያ ኃይሌ አለ። ምን እንመልስ? ገብስ፣ ወተት፣ ድንች። የእኛው ምሳ ነው። እኔም ያንኑ ነበር የምበላው፤ ከአውቶቡስ ኋላ ሮጬ እንኳ ደርሼበት አላውቅም።

አብሮኝ የተማረ የአሰላ ልጅ አሁን ጣሊያን አገር፣ ሳሌርኖ አካባቢ ይኖራል። ከእሱ ጋር ስናወራ ሁልጊዜ የምናበቃው ምግብ ላይ ነው። በአንድ የበጋ ቀን የአማልፊን ዳርቻ በስልክ አሳየኝ፤ ገደሉ ላይ የተንጠለጠለች ጠባብ መንገድ፣ ታች ሰማያዊ ባሕር፣ በየእርከኑ የሎሚ ዛፍ። «የት ትበላለህ?» አልኩት፤ የእኔ ነገር። ባሕሩን ቁልጭ አድርጎ የሚያሳየው ወንበር ላይ እንደማይቀመጥ ነገረኝ፤ እሱ የሚሄደው ቼታራ የምትባል የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። እዚያ ከትናንሽ ጨው የተነሰነሰባቸው ዓሦች የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ በስፓጌቲ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጉታል አለኝ። «ስጎስ?» አልኩት። «ስጎ የለውም!» ብሎ ሳቀ። ሁለታችንም ያቺን አረንጓዴ ቡና ቤት አስታወስን። «እዚህም መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ነው ሰው ቀስ የሚለው» አለኝ። ይህቺ ቃሉ ውስጤ ቀረች።

ለካስ እኛን ያበላን መንገዱ ነበር። ራዲያተሩ ስለሚጠማው ደራ ቆምን፤ ብርድ ስለሚይዘን ኢተያ ሻይ ጠጣን፤ ጭቃው ስለያዘን የማናውቀው ሰው ቤት አደርን። አሁን በቆጂ ድረስ አስፋልት ነው። እሰየው ብያለሁ፤ ምጥ የያዛት ሴት ሐኪም ቤት ትደርሳለች፣ ገብሱም ሳይበሰብስ አሰላ ብቅል ፋብሪካ ይገባል። ስንዴውን በበሬ የሚወቃ ጥቂት ነው፤ ኮምባይነር ገብቶ ማሳውን በአንድ ቀን አራቁቶት ይወጣል። ጭኮም ቢሆን አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ውስጥ በፕላስቲክ ዕቃ ታሽጎ ይሸጣል። ገዝቼ በልቻለሁ፤ ጥሩ ነው። ዕቃውን ግን የምመልስለት ሰው የለም።

ነገሩ ሁሉ አልቋል እያልኳችሁ አይደለም። ባለፈው ስሄድ ደራ ላይ በቆሎው ይጠበሳል፤ ኢተያ ሻዩ ያው ነው፤ አሰላ ላይ ወተትና እርጎ የሚሸጡ ቤቶች ሞልተዋል፤ ሳጉሬ ላይም የድንች ልጆች አሉ፣ መኪናው ስለማይቆም ግን እየሮጡ ነው የሚሸጡት። የጎደለው መቆሙ ነው። ስለዚህ ወደዚያ ከሄዳችሁ የእኔን ምክር ስሙኝ። ጠዋት ናዝሬት ላይ ብዙ አትብሉ። ዝርዝር ሳንቲም ያዙ። ገበያ ቀን ከደረሰላችሁ ገብሱንና ቅቤውን ራሳችሁ መርጣችሁ ግዙ። ቤት ጠርተው ካበሏችሁ ባዶ ዕቃ አትመልሱ። ከሁሉ በፊት ግን ከመሳፈራችሁ ሹፌሩን አነጋግሩት፤ «እኔ መንገድ ላይ አልቆምም» ካላችሁ ሒሳባችሁን ተቀብላችሁ ሌላ መኪና ፈልጉ።